ሳምቡሳው ይበላል፣ ሳይንሱ አይዋጥም፦ ስለ ሰፈራችን ፊልም ቤት

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጽፍም። ከታች ትንሽ ስለማማው ነው፤ ባለቤቱን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘዋለሁ፣ አንዳንዴም ይከፍልልኛል። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ነው በቃ። ቅዳሜና እሁድ ኳስ ያሳያል፣ በሌላው ቀን ትርጉም ፊልም። ኳስ 40 ብር፣ ፊልም 20።

የእህቴ ልጅ ያለፈውን ክረምት እኔ ጋ ነው ያሳለፈው። ስምንተኛ ክፍል ሊገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከስልክ ጋር ተፋጥጦ ከሚውል ብዬ ይዤው መሄድ ጀመርኩ፣ ከዚያ እኔው ራሴ ለመድኩት። በሁለት ወር አሥራ ምናምን ፊልም አየን። ስለዚህ አንድ ቀን ጎራ ብዬ አይደለም የማወራው።

ከጥሩው ልጀምር። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው፣ ምስሉ ጥርት ያለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ የምትጠብሰው የምስር ሳምቡሳ ለብቻው ግምገማ ይገባዋል፤ ቃሪያ አትሰስትም፣ ዘይቱን ትቀይራለች፣ ዋጋው 15 ብር። አግዳሚዎቹ ግን መደገፊያ የላቸውም፤ ሁለት ሰዓት ከተቀመጣችሁ ወገባችሁ ይነግራችኋል። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ምንም አይሰማም። አንዱን የጠፈር ጦርነት ፊልም በትክክል ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ጠፈር ላይ አየር የለም፤ አየር ከሌለ ድምፅ የሚጓዝበት ነገር የለም። መርከብ ቢፈነዳ ጭጭ ነው። ፊልሞቹ ግን ጆሮ እስኪደነቁር ያፈነዱታል። ያን ቀን ዝናቡ አፋቸውን ዘጋልን።

ቅሬታዬ በሩ ላይ ካለው ጥቁር ሰሌዳ ይጀምራል። የፊልሙ ርዕስ በጠመኔ ይጻፍና ከሥሩ «እውነተኛ ታሪክ» ይባላል። ሁሉም ፊልም እውነተኛ ታሪክ ነው። ዞምቢውም እውነተኛ ታሪክ ነው። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ተርጓሚው ያጸናዋል። ይህ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ወንዱንም ሴቷንም ሕፃኑንም አንድ አፍ ሆኖ ይናገራል፣ እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው፣ ያስቃል። ግን ያልተባለ ይጨምራል። ሳይንቲስት የሚመስል ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ በታየ ቁጥር «ይህ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» ይላል፣ ሰውዬው የተናገረው «ቡና ልጠጣ» ቢሆንም።

ፊልም ነው፣ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

መስከረም 26 ቀን 2017፣ እሁድ ምሽት 2 ሰዓት አለፍ ብሎ። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። መጀመሪያ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ መጋጨት ጀመሩ፣ ከዚያ አምፖሉ በገመዱ ተወዛወዘ። መሬት መንቀጥቀጡ የተነሳው ፈንታሌ አካባቢ ነው፣ መጠኑ 4.9። ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ምድር ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ጭራሽ አልሰሙትም፤ ፎቅ ከፍ ባለ ቁጥር ነው ውዝዋዜው የሚብሰው። እኛ ግን ሰማነው። ሕንፃው በሙሉ ደረጃ ላይ ተገናኘ። ፒጃማ የለበሰ፣ ነጠላ ያጣፋ፣ አንዱ ፊቱ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ የዚያ ፊልም ቤት የፊት አግዳሚ ደንበኛ ነው። «መሬቱ ሳይከፈት ውጡ!» እያለ ሦስት ሦስት ደረጃ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ዞረ።

ታች ደርሰን ሰዉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በስልኩ ባትሪ መሬቱን ያበራል። ስንጥቅ ፍለጋ! ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ፎቁ ግድግዳ ሥር፣ ከመብራት ምሰሶው አጠገብ ቆሞ። ሊወድቅብን የሚችለው ከላይ ነው፣ እኛ የምናየው ታች። እኔም አብሬ አበራ ነበር፣ አልዋሽም።

ባለቤቱ ነጋዴ ነው። በሳምንቱ «ሳን አንድሪያስ»ን አመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የካሊፎርኒያ መሬት መንቀጥቀጥ ፊልም። ቤቱ ሞልቶ ቆመው ያዩ ነበሩ። በክረምቱ ደግሞ ደገመው፤ ከልጁ ጋር ያየሁት ያኔ ነው። ፊልሙ ላይ መጨረሻ የሚመጣው መንቀጥቀጥ 9.6 ነው። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሊን የመታው ነው፣ እሱም 9.5። ቁጥሩ አንድ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ 32 ጊዜ ገደማ ስለሚባዛ፣ የፊልሙ መንቀጥቀጥ እኛን ከፎቅ ካወረደችን 4.9 ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። እሺ፣ ማጋነን የፊልም ወግ ነው ብለን እንለፈው።

የማይታለፈው ገደሉ ነው። መኪና እየነዱ ይሄዱና መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ገደል ሆኖ ይጠብቃቸዋል። የጎረቤቴን ቁርጭምጭሚት ያዞረው ይህ ገደል ነው። መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚመጣ ለማየት ከባድ ቁም ሳጥን በሲሚንቶ ወለል ላይ ግፉ። እምቢ ይላል፣ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ግርር ብሎ ይሄዳል። ሁለት የዓለት ግድግዳዎችም እንደዚያው ተጣብቀው ኖረው አንድ ቀን ይንሸራተታሉ፤ የሚያንቀጠቅጠን ፍትጊያው ነው። ፊልሙ ስሙን የወሰደበት፣ ሳን አንድሪያስ የሚባለው የካሊፎርኒያ የዓለት ስንጥቅ ደግሞ ግራና ቀኙ ጎን ለጎን የሚተላለፍ ነው። ተራርቀው ገደል ቢፈጥሩ ኖሮ የሚፋተግ አይኖርም፣ መንቀጥቀጡም አይኖርም። ቁም ሳጥኑ ወለሉን ካልነካ ምኑ ያንገጫግጨዋል?

ይህን ሳምቡሳ እየበላን ለልጁ ሳስረዳ፣ «አጎቴ፣ አፋር ላይ ግን ተከፍቶ የለ እንዴ? ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ» አለኝ።

ያዘኝ። እውነቱን ነው። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ነበረብኝ። መስከረም 1998 ላይ አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት በእውነት ተሰንጥቋል። ከሥር የቀለጠ ዓለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ሰርጎ ገብቶ ግራና ቀኙን እስከ 8 ሜትር ድረስ ገፋው። ፈንታሌም ላይ ያየነው የመሬት ስንጥቅ ከዚሁ ዘመድ ነው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ እንደ ካሊፎርኒያው ጎን ለጎን የሚፋተግ ሳይሆን ወደ ሁለት የሚሳብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል። ከፋቹ ግን ከሥር የሚገፋው ቅላጭ ነው እንጂ መንቀጥቀጡ አይደለም፣ ያውም እሳተ ገሞራው ያለበት ቦታ ላይ እንጂ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር አይደለም። በተረፈ የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ በዓመት የሚራራቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥፍራችሁ በሁለት ወር ያን ያህል ያድጋል። «አፍሪካ ልትከፈል ነው» እያላችሁ ቪዲዮ የምትልኩልኝ ዘመዶቼ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጥፍራችሁን ተቆረጡ።

ሌላም አለ። ፊልሙ ላይ ፕሮፌሰሩ ኮምፒውተር አይቶ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ይናገራል። በእውነቱ ዓለም ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ መናገር የቻለ ማንም የለም። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.8 የሚጠጋው ከመጣ በኋላ ግን የሕንፃችን ቴሌግራም ግሩፕ በሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። «ዛሬ ሌሊት 7 ሰዓት ይደገማል፣ ሼር አድርጉ።» መኪና ያለው መኪናው ውስጥ አደረ። የሌለው ጋቢውን ተከናንቦ ውጭ። 7 ሰዓት አለፈ፣ 8 ሰዓት አለፈ፣ ብርዱ ብቻ ነበር የመጣው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራስን ሸፍኖ፣ እስኪያልፍ መጠበቅ የሚለውን ምክር ግን ሼር ያደረገ አላየሁም። ለፊልም አይመችም መሰለኝ።

ሌላ ቀን «አርማጌዶን» ታየ፣ የ1998ቱ በፈረንጅ። ወደ ምድር የሚመጣው ድንጋይ ቴክሳስን ያክላል፣ የቀረው 18 ቀን ነው። ተርጓሚያችን ቴክሳስ ማንም አያውቅም ብሎ ነው መሰለኝ «ሸዋን የሚያክል ድንጋይ!» አለ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ፣ እኔም ወደድኩለት። ግን ቴክሳስ ከጫፍ ጫፍ ከ1,200 ኪሎ ሜትር አያንስም። በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት ድንጋዮች ትልቁ ሴሬስ ነው፣ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1801 በዚያ ዘመን ቴሌስኮፕ አግኝተውታል። ከእሱ የሚበልጥ ድንጋይ እስከ መጨረሻዎቹ 18 ቀናት ድረስ የት ተደብቆ ይከርማል? ዳይኖሰሮቹን የጨረሰው እንኳ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ደግሞ እውነተኛው ነገር ከፊልሙ አያንስም። 2015 ላይ ደመራችንን ለኩሰን በተኛንበት ሌሊት ናሳ ዳርት የምትባል መንኮራኩር 160 ሜትር ገደማ ከሆነ ድንጋይ ጋር ሆን ብሎ አጋጨ። ቦምብ የለ፣ ቁፋሮ የለ። ድንጋዩ ሌላ ትልቅ ድንጋይ ይዞር ነበርና፣ አንዱን ዙር የሚጨርስበት ጊዜ በ32 ደቂቃ ገደማ አጠረ። ለልጁ ስነግረው «ይህ ለምን ፊልም አይሆንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለ አእምሮው ፊልም ብዙ አልልም። ሰው ከአእምሮው 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው ይላሉ፣ ተርጓሚው እንደተለመደው «በሳይንስ የተረጋገጠ» አለበት፣ ልጁም የሒሳብ ውጤቱን ስጠይቀው ይህንኑ መለሰልኝ። አእምሮ ከክብደታችን 2 በመቶ ሆኖ ጉልበታችንን 20 በመቶ ይበላል። እንደ እንጀራ ምጣድ በሉት። እናቶቻችን ምጣድ ሰክተው ዘጠኝ እጁን ሳይጋግሩ የሚቀመጡ ይመስላችኋል?

የልቡ ደግሞ አለ። ማሳያው ላይ መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ጢጢጢጢጢ፣ ሐኪሙ ሁለት ብረት ያዘና ኤሌክትሪክ ለቆ ሰውየውን ያስነሳዋል። ከኋላችን የተቀመጠች የጤና ጣቢያ ነርስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቀጥ ላለ መስመር ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ ኤሌክትሪኩ ያለ ሥርዓት ለሚርገበገብ ልብ ነው። ለቀጥታው ደረት መጫን ነው፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከመድኃኒት ጋር። ፊት ያሉት ወጣቶች «ዝም በይ፣ ፊልም እናይበት» አሏት። ዝም አለች። እኔ ብሆን ቴሌቪዥኑን አስቆሜ እሷን አስወራት ነበር።

አንዴ ባለቤቱን ለምኜ «ኢንተርስቴላር»ን አስከፈትኩት። የጠፈር ፊልም ነው። ብርሃን እንኳ የማያመልጠውን የጥቁር ጉድጓዱን መልክ ኪፕ ቶርን የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ በሰጣቸው ቀመር ነው የሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የእውነተኛው ጥቁር ጉድጓድ የመጀመሪያው ምስል ሲወጣም ብዙ አልራቀም፣ ጥቁር መሐልና ዙሪያውን የብርሃን ቀለበት። የመጨረሻው ክፍል ልብ ወለድ ነው፣ ያንን ለእነሱ ልተውላቸው። አራት ሰው መጣ። አንዱ እኔ ነኝ፣ አንዱ ልጁ ነው፣ ልጁ ተኛ። ባለቤቱ «አየህ?» አለኝ። አየሁ።

እንግዲህ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿ የሳምቡሳ ናት። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን «ያን ‹እውነተኛ ታሪክ› የሚለውን አጥፋው እንጂ፣ ወንድሜ» አልኩት። ሳቀ፣ ግን ተነስቶ በእጁ ጠረገው። በማግስቱ ሳልፍ ሰሌዳው ላይ «በሳይንቲስቶች የተመሰከረለት» ይላል።

ከሄዳችሁ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ የመጀመሪያው አንገት ያሳምማል። ሳምቡሳው ከ10 ሰዓት በፊት ያልቃል።