ሚክሮቲክ ሄክስ፦ የአነስተኛ ቢሮን የአይፒ አድራሻ ሥርዓት የሚያስይዝ ራውተር

ቢሮአችን አሥራ አራት ሠራተኞች፣ ሁለት ፕሪንተሮች፣ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ፣ የካሜራ መቅጃ እና ፒችትሪ የተጫነበት የሒሳብ ኮምፒውተር አሉት። እነዚህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ያገናኘናቸው ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር በተሰጠን አነስተኛ ራውተር ነበር። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ግን ራውተሩ ለማን የትኛውን የአይፒ አድራሻ (እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) እንደሰጠ ስለማያስታውስ፣ ትናንት የፕሪንተሩ የነበረው አድራሻ ዛሬ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ተይዞ ይገኛል፤ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ለማተም የሚጠባበቀው ሰው ደግሞ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ሚክሮቲክ ሄክስን የገዛነው ይህን ለማስቀረት ነው።

አምራቹ የላትቪያ ኩባንያ ነው። እኛ የያዝነው አርቢ750ጂአር3 የተባለው ሞዴል አምስት የጊጋቢት የኬብል መሰኪያዎችና 256 ሜጋባይት ራም ያለው፣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ሳጥን ነው። ለእኛ ያህል ቢሮ አቅሙ ከበቂ በላይ ነው።

መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ አድራሻ 192.168.88.1 ሲሆን፣ ለሌሎች ከ192.168.88.10 እስከ 192.168.88.254 ያሉትን ያድላል። ይህን መቀየር ለማይፈልግ ቢሮ ሥራው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። እኛ ግን ወደ 192.168.20 ተርታ፣ ማለትም በዚህ ቁጥር ወደሚጀምሩት አድራሻዎች፣ ልናዛውረው ስለፈለግን፣ ለውጡ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች መደረግ እንዳለበት ተረዳን፤ እነርሱም የራውተሩ የራሱ አድራሻ፣ የሚታደሉት አድራሻዎች ክልል እና ኮምፒውተሮች መውጫ በራቸው ማን እንደሆነ የሚነገራቸው የዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት) ኔትወርክ መስመር ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው፣ ኮምፒውተሮቹ አድራሻ እያገኙ ለምን ኢንተርኔት እንደማይከፍቱ ሲመረምር ይውላል። «ኩዊክ ሴት» የተባለው ገጽ ሦስቱንም በአንድ ላይ ስለሚያስተካክል ለጀማሪ የምመክረው እርሱን ነው።

በእጅ መሙላት የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። አድራሻው ሲጻፍ መጨረሻው ላይ /24 (የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ለኔትወርኩ ሁሉ የጋራ መሆናቸውን የሚነግር ምልክት) ካልተጨመረ፣ መሣሪያው አድራሻውን ብቻውን እንደቆመ፣ ማለትም እንደ /32 ይቆጥረዋል። እኔ ይህን ዘንግቼ አንድ ማለዳ ቢሮውን በሙሉ ከኢንተርኔት አቋርጫለሁ። ያዳነኝ ዊንቦክስ የተባለው የኩባንያው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ አይፒ አድራሻው ቢሳሳት እንኳ በኬብል ለተገናኘ ሰው በማክ አድራሻ (ከፋብሪካ በተሰጠው የመሣሪያው መለያ) በኩል ወደ መሣሪያው ያስገባዋል። በዚህ ዋጋ ደረጃ ካየኋቸው ራውተሮች ሁሉ ሄክስን የማስቀድመው በዋናነት ስለዚህ ነው። «ሴፍ ሞድ» የሚባለውን ቁልፍ አስቀድሞ የተጫነ ሰው ደግሞ ግንኙነቱ በለውጡ ምክንያት ቢቋረጥ፣ መሣሪያው ራሱ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለስለታል።

ፕሪንተሮቹን በተመለከተ ችግራችን ሙሉ በሙሉ ተወግዷል። አድራሻ የወሰዱት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ስለሚታዩ፣ ፕሪንተሩን መርጦ «ሜክ ስታቲክ» የሚለውን መጫን፣ ቀጥሎም የምንፈልገውን ቁጥር ሰጥቶ ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ይበቃል። እኛ በአድራሻው መጨረሻ ከ2 እስከ 49 ያሉትን ቁጥሮች ለቋሚ መሣሪያዎች ለይተን፣ ለሠራተኞች ከ100 በላይ ያሉትን ተውን። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ማስታወሻ መጻፍ ስለሚቻል፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ የቱ ፕሪንተር፣ የቱ ካሜራ እንደሆነ ለማወቅ ኬብል መከተል አያስፈልገውም።

ከፊት ያለው የኢንተርኔት መስመር ራውተር በ192.168.1 ተርታ የሚሠራ ከሆነ ሄክስን በዚያው ተርታ ማስቀመጥ አይገባም፤ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቁጥር ካለ መሣሪያው ወዴት እንደሚልክ መለየት ያቅተዋል።

ስለ ደህንነት አጥብቄ የምናገረው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዊንቦክስ መግቢያ ላይ የተገኘው ክፍተት፣ ሶፍትዌራቸውን ሳያድሱ መግቢያውን ለኢንተርኔት ክፍት ያደረጉ ብዙ ቢሮዎችን አጋልጧል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ራውተር ኦኤስን (መሣሪያው የሚሠራበትን ሶፍትዌር) ማደስና ዊንቦክስን ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ መፍቀድ ግድ ነው።

ሄክስ ዋይፋይ የለውም። የቀድሞው ራውተር ዋይፋይ እንዲያገለግል ብንተወው፣ በእርሱ የተገናኙት ስልኮችና ላፕቶፖች ከሄክስ ውጭ ባለው ተርታ ስለሚቀሩ የቢሮውን ፕሪንተር አያገኙም። እኛ ለብቻው የዋይፋይ ማሰራጫ ገዝተን፣ የራሱን ዲኤችሲፒ አጥፍተን፣ 192.168.20.2 የሚለውን ቋሚ አድራሻ ሰጥተን ከሄክስ ጋር በኬብል አገናኝተነዋል፤ ለመግዛት የሚያስብ ቢሮ ይህን ተጨማሪ ወጪ ከወዲሁ ማስላት አለበት።