ዓሣ እንዴት እግር አወጣ፦ ከአራት ኪሎ የገዛሁት የግድግዳ ቻርት

የእህቴ ልጅ ለክፍል ጓደኞቿ ስለ አዝጋሚ ለውጥ ገለጻ እንድታቀርብ ስለታዘዘች፣ ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ከአንዱ፣ ዓሦች ወደ የብስ እንዴት እንደወጡ የሚያሳይ የግድግዳ ቻርት በ450 ብር ገዛሁላት። ወርዱ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ በባነር ላይ የታተመ በመሆኑ እንደ ወረቀት አይቀደድም፤ ከላይና ከታች ዘንግ ስለገባለት ለመስቀል አንድ ሚስማር ይበቃዋል። ቀለሙ ደማቅ፣ ፊደሉም ከክፍሉ የኋላ ወንበር የሚነበብ ነው። በእጅ ሥራው በኩል ቅሬታ የለኝም። ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ ግን ዋናው ጥያቄዬ ቻርቱ የሚተርከው ታሪክ ትክክል ነወይ የሚል ነበር።

በቻርቱ መካከል ሊደርቅ የተቃረበ ኩሬ ተሥሏል። አንድ ዓሣ በክንፎቹ እየተጎተተ ከኩሬው ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሥዕል ደግሞ እግር አብቅሎ በደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ይህ አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ አልፍሬድ ሮመር ባለፈው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው፣ እኔም ራሴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩት መላ ምት ነው፦ ድርቅ ዓሦቹን ሌላ ውኃ ፍለጋ አስወጣቸው፣ በየብስ ሲጓዙም እግር አወጡ የሚል። ቅሪተ አካሎቹ የሚመሰክሩት ግን የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዛዊቷ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ጄኒ ክላክና ባልደረቦቿ ከምሥራቅ ግሪንላንድ ያወጡት፣ ዕድሜው ወደ 365 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው አካንቶስቴጋ፣ ጣት ያለው እግር የነበረው እንስሳ ነው፤ ሆኖም እግሩ ክብደቱን በየብስ ላይ ለመሸከም የማይመች፣ ጅራቱ ለዋና የተበጀ ሰፊ መቅዘፊያ ሲሆን፣ እንደ ዓሣ ያለ ስንጥብም (በውኃ ውስጥ መተንፈሻ) ነበረው። በሌላ አነጋገር፣ እግር የተገኘው ገና በውኃ ውስጥ ሳሉ ነው። ጥልቀት በሌለውና ዕፀዋት በሞሉበት ውኃ፣ በተለይም የሚበሰብሰው ቅጠል ኦክስጅኑን በሚያሳንስበት ስፍራ፣ ወለሉን እየገፋ የሚንቀሳቀስና ራሱን ቀና አድርጎ አየር የሚስብ እንስሳ ከሌላው ይልቅ ይጠቀማል፤ በየብስ ላይ መራመዱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

በዚሁ ሥዕል ላይ ሌላም ስሕተት አለ። አካንቶስቴጋ በፊት እግሩ ስምንት ጣቶች ነበሩት፤ በተመሳሳይ ዘመን የኖረው ኢክቲዮስቴጋ በኋላ እግሩ ሰባት፣ በሩሲያ የተገኘው ቱለርፔቶን ደግሞ ስድስት ነበሩት። የቻርቱ ሠዓሊ ግን ለአካንቶስቴጋ አምስት ጣት ሰጥቶታል፤ የራሱን እጅ እያየ ሥሎ ይሆናል።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን «ስንጥብ ወደ ሳንባ ተለወጠ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይ ቀስት ነው። ሳንባ ከስንጥብ አልመጣም። ከምግብ ቧንቧ በኩል እንደ ከረጢት ሆኖ የወጣ አካል ሲሆን፣ እግር ከመፈጠሩ ብዙ ቀድሞ አጥንታም ዓሦች ነበራቸው፤ በአብዛኞቹ የዛሬ ዓሦች ዘንድ ያ ከረጢት ለመንሳፈፊያ የሚያገለግል የአየር ከረጢት ሆኗል። ሳንባም ስንጥብም ያላቸው ዓሦች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከእነዚህ አንዱ በናይል ተፋሰስ የሚኖረው ፕሮቶፕተሩስ ኤቲዮፒኩስ ነው፤ አየር ካልሳበ ይሞታል፣ በሳይንሳዊ ስሙም የአገራችንን ስም ተሸክሟል። አዲስ አበባ ላይ ታትሞ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች የሚሸጥ ቻርት ይህን ዓሣ ትቶ ከውጭ የተቀዳ የወርቅ ዓሣ ሥዕል ጥግ ላይ ማስቀመጡ አልገባኝም።

ቻርቱ በደንብ የሠራውን ሳልናገር ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኒል ሹቢንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ አርክቲክ፣ በኤልስሚር ደሴት ያገኙትና ከሁለት ዓመት በኋላ ለዓለም ያስተዋወቁት ቲክታሊክ፣ ዕድሜው 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ሆኖ ሳለ ጠፍጣፋ ራስ፣ ከትከሻ የተላቀቀ አንገት፣ በክንፉም ውስጥ አንጓ የሚመስል መጋጠሚያ ነበረው። ቻርቱ የጥንቱን ዓሣ የኢዩስቴኖፕተሮንን፣ የቲክታሊክን፣ የአካንቶስቴጋንና የሰውን ክንድ ጎን ለጎን አሰልፎ፣ የላይኛውን አንድ አጥንት በሰማያዊ፣ ከታቹ ያሉትን ሁለቱን በቢጫ ቀብቷቸዋል። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ቢጫዎቹን ተከትላ በራሷ ክንድ ላይ ዳሰሰቻቸው። ለዚህ ሥዕል ብቻ ስል 450 ብሩን ደግሜ እከፍላለሁ። ከሥሩ «የሁላችን አባት» ተብሎ መጻፉ ግን መታረም አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው፣ በፖላንድ የተገኘው ከቲክታሊክ የሚቀድም የእግር ዱካ ስላለ፣ ቲክታሊክን ከአባት ይልቅ የአባት ወንድም ማለት ይቀርባል።

የታችኛው የዘመን መስመርም ዐይንን ያሳስታል። ከአካንቶስቴጋ ቀጥሎ እንቁራሪት፣ ከእንቁራሪት ቀጥሎ ድንቅነሽ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል። በማዳጋስካር የተገኘው የጥንቱ የእንቁራሪት ዘመድ ትሪያዶባትራኩስ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ስላለው፣ በአካንቶስቴጋና በእንቁራሪት መካከል ከ100 ሚሊዮን በላይ ዓመታት አሉ። አንድ ሜትሩ 400 ሚሊዮን ዓመት ነው ብንል ደግሞ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ከቀኝ ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ላይ ነው መሆን ያለባት።

ስሕተቶቹን በወረቀት ጽፌ ወደ መደብሩ ስመለስ፣ ባለ መደብሯ በትሕትና ተቀብላኝ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የመጣልንን ፋይል ነው የምናትመው፤ ይተዉልኝ፣ ለሚሠራው ልጅ እሰጠዋለሁ» አለችኝ። ገንዘቤን አልጠየቅኩም። ቤት ገብተን ቀዩን ቀስት በነጭ ፕላስተር ሸፈንነው፣ «አባት» የሚለውን «አጎት» አደረግነው። የጎደሉትን ሦስት ጣቶች ልጅቷ ራሷ በጥቁር ማርከር ጨመረች፤ በገለጻዋም ቀን ከክፍሉ የመጣው የመጀመሪያው ጥያቄ እነዚያ ሦስቱ ጣቶች ለምን ጥቁር ሆኑ የሚል ነበር።