መኪናዬን ዘመድ ነድቶ ሲያጋጭ ሙሉ ሽፋኑ ምን አደረገልኝ?

ላለፉት ዓመታት ሙሉ ሽፋን የምገዛበት የኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል ከአምስት አራት ይገባዋል። ለሽያጭ ክፍሉ ግን ሁለትም ይበዛበታል።

የእህቴ ልጅ እናቴን ለዓይን ሕክምና አድርሶ ሲመለስ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ቪትሴን ከአንድ ሚኒባስ ታክሲ ጎን ጋር አጋጨው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ትራፊክ ፖሊሱ ባነሳው ፕላን ቅድሚያ የከለከለው የእኛ ልጅ ሆነ። የሚኒባሱ ባለቤት የደወሉት ግን ለእኔ ነው። «ልጁን አላውቀውም፤ ሊብሬው ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው» አሉኝ። ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለንብረቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ቁልፉን በገዛ እጄ የሰጠሁ ሰው ምን ብዬ ላመልጥ?

በጭንቀት የሄድኩበት የካሳ ክፍል በእውነት አሳርፎኛል። ሠራተኛዋ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ሊብሬውንና የልጁን መንጃ ፈቃድ ተቀብላ፣ መኪናውን የወሰደው በእኔ ፈቃድ መሆኑን በደብዳቤ እንዳረጋግጥ ብቻ ጠየቀችኝ። ውሌ በፈቃዴ የሚነዳና ተገቢ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው ሁሉ ይሸፍናል። ገማቹ ደግሞ ጋራዡ ድረስ መጣ። ጋራዡ ፓራፋንጎውን ቀጥቅጦ ሊያቃናው ሲል «ብረቱ ተሰብሯል፤ ይቀየር» ብሎ የተከራከረልኝ እሱ ነው፤ የድርጅቱን ወጪ የሚጨምር ቃል ከድርጅቱ ሰው አፍ ሲወጣ መስማት ብርቅ ነው።

ችግሩ ያለው ውሉን በሚሸጡት ዘንድ ነው። የሻንሲ ቁጥር ጠየቁኝ፣ የተመረተበትን ዓመትና ዋጋውን ጠየቁኝ። ከእኔ ሌላ ማን ይነዳዋል ያለኝ አልነበረም። መንጃ ፈቃዱ ገና አዲስ የሆነ ሰው ሲያጋጭ ከኪሴ የምሸፍነው ተቀናሽ እንደሚጨምር ያወቅሁት ክፍያው ሲሰላ ነው። በውሉ ውስጥ ተጽፏል፣ አልካድኩም፤ በደቃቅ እንግሊዝኛ! እናቴን የሚያመላልሰው ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ እንዳልቆየ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር።

ሚኒባሱ ጋራዥ በቆመባቸው ቀናት የቀረውን ገቢም ባለቤቱ ጠየቁኝ። ድርጅቱ «በውልዎ ውስጥ የለም» አለኝና በሽማግሌ ተስማምተን ከፈልኩ። ሰውየው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዚያ ታክሲ ስለሆነ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን በተጨማሪ ክፍያ ይገኝ እንደሆነ ሲሸጡልኝ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። በዛሬ የመለዋወጫ ዋጋ ይህ ገንዘብ ከበርና ከመስታወት ብዙም አያልፍም። መኪና የምታውሱ ሰዎች ሙሉ ሽፋን ስትገዙ የሦስተኛ ወገኑን መጠን ከፍ አስደርጉ፤ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው።

ለካሳ ክፍሏ ሠራተኛና ለገማቹ ስል ውሌን እዚያው አድሳለሁ። ሥራ አስኪያጁን ግን በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፦ ውሉ በአማርኛ ይታተም፣ የሽያጭ ሠራተኞቹም ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት መኪናውን የሚነዱትን ሰዎች ሁሉ ይጠይቁ።