የንግድ ሥልጠናው ለጎንደር ነጋዴ ያዋጣል ወይ?

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጥ የንግድ ክህሎት ሥልጠና አለ። በቅርቡ ጨርሻለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው? ያዋጣል?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው። መልሴ አዎ ነው፣ ያዋጣል። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል። እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

እኔ የባልትና ነጋዴ ነኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ እሸጣለሁ። ሱቄ ትንሽ ናት። ሥልጠናውን የመዘንኩት እዚች ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አስመጪና ላኪ የሆነ ሰው ሌላ ነገር ሊል ይችላል።

ክፍያው የሱቄን የአንድ ወር ኪራይ አይሞላም። ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ሠርቶ መምጣት ይቻላል። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። ሴት ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ዘግተሽ ተቀመጪ ብትባል አትመጣም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወንበሩም አይመችም። መብራት ሲሄድ ፕሮጀክተሩ ይቆማል፣ አሰልጣኙ ግን በጠመኔ ይቀጥላል። ስለ ቤቱ ይህ ይበቃል።

ሰው ሰብስቦ «ተስፋ አትቁረጡ፣ ትችላላችሁ» ብሎ፣ አስጨብጭቦ የሚበትን ሥልጠና ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሞቅታ በማግስቱ አከራይ ሲመጣ ብን ብሎ ይጠፋል። ይሄኛው ግን ጽናትን እንደ ሙያ ነው የሚያስተምረው። ልክ ልብስ ስፌት ወይም ሂሳብ አያያዝ እንደሚማሩት፣ እየሠሩ፣ እየታረሙ።

መነሻው ዴቪድ ማክሌላንድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ስለ ውጤታማ ሰዎች ያጠናው ጥናት ነው። ከሱ ሥራ ተነሥቶ የተዘጋጀ የ10 ባሕርያት ዝርዝር አለ። ዕድል መፈለግ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ለገቡት ቃል መታመን፣ ግብ ማስቀመጥ፣ የተመዛዘነ ድፍረት እያለ ይሄዳል። ጽናትም አንዱ ነው። አሰልጣኛችን ሲያስረዳ፣ እንቅፋት ሲገጥም ደግሞ መሞከር አለ፣ መንገድ መቀየርም አለ፣ ሁለቱም ጽናት ናቸው አለን። የማይነካው ግቡ ነው።

ይህ በወሬ ቢቀር አልጽፈውም ነበር። አብሮን የተማረ አንድ ወጣት አዘዞ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ዋና ደንበኞቹ ሆቴሎች ነበሩ። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ከዚያም በክልሉ ያለው ችግር። ቱሪስት የለመደች ከተማ ቱሪስት ሲጠፋባት ምን እንደምትሆን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ለሆቴሎቹ ዋጋ ቀንሷል። በዱቤ ልስጣችሁ ብሏል። ጠብቋል። አልሆነም።

አሰልጣኙ ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፋቸው። ከዚያ «ሦስቱም የአንድ ደንበኛ በር ናቸው» አለው። ወደ እኛ ዞሮ ደግሞ «ዘንድሮ ጎንደር ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ የሚፈልገው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ መዋዕለ ሕፃናት አለ። አንዷ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አለች። ሌላው ምግብ ቤቶች አለ። ልጁ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከሦስቱም ወገን ሰው አነጋግሮ እንዲመጣ የቤት ሥራ ተሰጠው። አነጋግሮ መጣ። ሁለቱ አንፈልግም ብለውታል። መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ቁመታቸው ዝቅ ያለ የልጆች ጠረጴዛዎች አዘዙት። ትንሽ ትእዛዝ ናት። ሥራ ፈትተው የቆዩ ሠራተኞቹን ግን ጠርቷቸዋል። እኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ሁለተኛው የወደድኩት የሂሳብ ቀን ነው። እያንዳንዳችን ከምንሸጠው አንድ ኪሎ ወይም አንድ ፍሬ ወስደን ወጪውን ሰሌዳ ላይ እንድንዘረዝር ተደረገ። እኔ ሚጥን ሽሮ ያዝኩ። አተሩና ሽምብራው ዋጋቸው የታወቀ ነው። ቀጥሎ ሲለቀም የሚወጣው ጠጠርና ብስባሽ ተጻፈ። ሲከካ የሚሄደው ገለባ ተጻፈ። አንድ ኩንታል እህል አንድ ኩንታል ሽሮ ሆኖ አይወጣማ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በርበሬው። የምትቆላልኝ ልጅ ክፍያ። ማገዶ። ወፍጮ ቤት። ወፍጮው ውስጥ የሚቀረው ዱቄት። የባጃጅ። ላስቲኩ። ከሱቅ ኪራይ የሚደርሰው ድርሻ። ሰሌዳው ሞላ።

በመጨረሻ አሰልጣኙ «የራስሽ ጉልበትስ?» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ቀደሙኝ። «የኛ ጉልበትማ እግዜር የሰጠን ነው፣ ምን ዋጋ አለው ልጄ» አሉ።

«እትዬ፣ ነገ አሞዎት ቢተኙ፣ በእርስዎ ቦታ የሚጋግር ሰው በነጻ ይመጣል?» አላቸው።

«በነጻማ ውኃ እንኳ የሚቀዳልኝ የለ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ዝም ብለው ደብተራቸውን ሳቡ፣ የጠዋት ጉልበታቸውን በብር ጻፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይቆጠር የኖረ ጉልበት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ትምህርት በየቀበሌው ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ስንት እናት ምጣድ ላይ አርጅታ አትርፋ ይሁን ከስራ ሳታውቀው ትቀራለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ለምግብ ቤት በጅምላ የምሰጥበትን ዋጋ ደብተር ሳልገልጥ አልቆርጥም። አንድ ደንበኛዬ ቀንሺ ብሎ ሲከራከረኝ ዝርዝሩን አሳየሁት። አንብቦ «በቃ ገባኝ» አለ፣ ዋጋውን ሳይነካ ወሰደ።

ዓመቱን የማቀዱም ትምህርት ለኛ ሙያ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። አሥራ ሦስቱን ወር በመስመር ከፋፍለን፣ ገንዘብ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ሞላን። የኔ ሰሌዳ ይሄን ይመስላል። በርበሬና ጥራጥሬ የሚገዛው አዝመራው ሲገባ፣ ከኅዳር ወዲህ ነው። ያኔ ብር በብዛት ይወጣል። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲመለስ ሽሮና በርበሬ ሳይዝ አይሄድም። ወዲያው ዐቢይ ጾም ይከተላል፣ 55 ቀን ሽሮ በየቤቱ ይወጠወጣል። የዓመቱ ገበያዬ እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የታጠበ በርበሬ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ስለዚህ ለክረምት የሚሸጠው ከሰኔ በፊት ተዘጋጅቶ ማለቅ አለበት። ይህን ሁሉ በልቤ አውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ብር መቼ እንደሚያጥረኝ ከወራት በፊት ይታየኛል። ብድር የሚጠየቅበትን ጊዜም፣ ዕቁብ የማወጣበትንም ከዚያ ጋር አገናኘሁት። ዕቁቤን ለኅዳር ግዢ እንዲደርስልኝ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋግሬ ወር ቀያይሬያለሁ።

አሁን የጎደለውን ልናገር። ትምህርቱ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በቃ። ሱቃችን መጥቶ የሚያይ የለም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እዛው ክፍል ውስጥ የነገሩን ጥናት ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። ጥናቱ የተሠራው ቶጎ ውስጥ፣ ሎሜ ከተማ ነው። 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሂሳብና የገበያ ሥልጠና ወሰደ። ሁለተኛው ራስን ማነሣሣትን፣ ቀድሞ ማሰብን፣ እንቅፋትን አልፎ መሄድን የሚያለማምድ ሥልጠና ወሰደ። ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ምንም ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በልጦ ተገኘ። የተለመደውን የወሰዱት ልዩነት 11 በመቶ ነበር፣ እሱም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የሚችል ነው ተብሏል።

እዚያ ግን ከክፍል ትምህርቱ በኋላ አሰልጣኞቹ ለአራት ወር፣ በየወሩ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ሥራ ቦታ ድረስ ይሄዱ ነበር። የኛዎቹ ጥናቱን ጠቅሰው ይሄኛውን ክፍል ትተውታል። ነጋዴ የሚፈተነው ክፍል ውስጥ አይደለም። የሚፈተነው የቆላው ሽሮ ሳይሸጥ ሲቀር፣ ዱቤ የወሰደ ደንበኛ ስልክ ሲዘጋ ነው። የዚያን ጊዜ «የጻፍሽው እቅድ የት ደረሰ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ለአዘጋጆቹ ይህን በአስተያየት ወረቀቱ ላይ ጽፌያለሁ፣ በቃልም ነግሬያቸዋለሁ። ክፍያው ትንሽ ጨምሮ ክትትሉ ቢኖር እኔ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። እስከዚያው ግን እኔ፣ የአዘዞው ልጅና እንጀራ ጋጋሪዋ እናት በየወሩ እየተገናኘን ደብተር እንተያያለን። እሳቸው ከሁላችንም የበለጠ ጥብቅ ናቸው።

የኢንተርኔት ሽያጭ ትምህርቱ ደካማ ነው። ቴሌግራም ላይ ቻናል ክፈቱ፣ ፎቶ ለጥፉ፣ ይላል። ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየንበትን ጊዜ የማያነሣ ትምህርት ለኛ ጎደሎ ነው። ያኔ ያዳነን የደንበኛ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ነው። ይህ በትምህርቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ምሳሌዎቹም ከሩቅ ናቸው። የአሜሪካ ቢሊየነሮች ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል። ጎንደር እኮ የነጋዴ ከተማ ናት። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው እስከ መተማና ምጽዋ የሚሄዱበት ዘመን ነበር። ሽፍታው፣ በረሃው፣ ኬላው እያለ። ለጽናት ምሳሌ ከተፈለገ ቅርባችን አለ። የእነዚያን ቤተሰቦች ሽማግሌ አንድ ቀን ጋብዞ ማስነገር ብዙ ወጪ የለውም።

ማን ይግባ? ሥራ የጀመረና ቢያንስ ጥቂት ወራት የሠራ ሰው ይግባ። ገና ሐሳብ ብቻ ያለው ሰው ልምምዶቹ አይያዙለትም፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር «የአንተ ደንበኛ፣ የአንቺ ወጪ» እያለ ነው የሚሄደው። ብድር አገኛለሁ ብሎ የሚገባም ይቅር። ብድር እንዴት እንደሚጠየቅ ያስረዳሉ እንጂ ገንዘብ አይሰጡም።

የምትገቡ ከሆነ የሦስት ወር የሽያጭና የወጪ መዝገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ይሆናል። መዝገብ ያልያዙት የሂሳቡን ቀን በግምት ነው ያሳለፉት። ጊዜውን ደግሞ አስቡበት። የባልትና ሰው ከሆናችሁ በጾሙ መካከል አትመዝገቡ፣ ከጥቅምት በፊት ያለውን ዙር ምረጡ።