የስኮትላንድ ቀን የትኛው ነው? የእንድርያስ በዓል ወይስ የበርንስ ምሽት

ስኮትላንድ ማንነቷን የምታሳይባቸው ሁለት ቀኖች አሏት። አንደኛው ኖቬምበር 30 የሚውለው የጠባቂዋ የቅዱስ እንድርያስ በዓል ነው። ሌላው ጃንዋሪ 25፣ የገጣሚው የሮበርት በርንስ ልደት ነው።

ወግና ማዕረግ ከሆነ እንድርያስ ይበልጣል። ሰማያዊው ባንዲራ ላይ ያለው ነጭ መስቀል የእሱ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ ባወጣው የ2007 ሕግ ቀኑ የባንክ በዓል፣ ማለትም ይፋዊ የዕረፍት ቀን ሆኗል። ግን ባንኮችም ሆኑ አሠሪዎች የመዝጋት ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሥራ ላይ ይውላል። ደግሞም እንድርያስን ሩሲያና ግሪክም ይጋሩታል።

የበርንስ ምሽት ሕግ አልጠበቀም። ገጣሚው በ1796 አረፈ። በ1801 ወዳጆቹ አሎዌይ በምትባል መንደር፣ በተወለደበት ቤት ተሰብስበው እራት በሉ። ልማዱ ከዚያ ቀጠለ። ሃጊስ የሚባለው ምግብ ባግፓይፕ በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ታጅቦ ይገባል። ከበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ፣ ከአጃና ከሽንኩርት የሚሠራ ነው፤ ዱለት የለመደ ሰው አይደነግጥም። አንዱ ተነስቶ በርንስ ለሃጊስ የገጠመውን ግጥም በቃሉ ይወርደዋል። መሃል ላይ ቢላዋውን አንስቶ ሃጊሱን ይሰነጥቀዋል። ግጥሙ የተጻፈው በስኮትስ ነው። ይህ ቋንቋ በትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ሲናቅ ኖሯል። የገበሬ ልጅ በዚያው ቋንቋ የጻፈው ግጥም የማዕዱ ጌታ ሲሆን ማየት ልብ ይነካል። ለዚህ ነው እኔ በርንስን የምመርጠው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ብዙዎቹ የበርንስ እራቶች ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ነበሩ። ሰውን ባለማግለል በኩል እንድርያስ ይሻላል፤ በእሱ በዓል ሰሞን ግላስጎው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራት ዘረኝነትን ተቃውመው ሰልፍ ይወጣሉ።