ክንዴ ላይ ስላለው የስኳር ሴንሰር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

ዓይነት አንድ ስኳር አለብኝ። ኢንሱሊን ካልወጋሁ አልኖርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ክንዴ ላይ የግሉኮስ (የስኳር) መለኪያ ሴንሰር ለጥፌ ነው ውዬ የማድረው። «እንዴት ነው? ልግዛው ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ በደንብ ልጻፈው አልኩ። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አቅሙ ካላችሁ ግዙት። ጣት እየወጋችሁ የምትለኩበትን ግን እንዳትጥሉ።

ለማያውቀው ባጭሩ። ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ክብ ነገር ነው። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር አለችው፣ እሷ ቆዳ ሥር ትገባለች። ክሯ ላይ ያለው ኢንዛይም ግሉኮስ ሲያገኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ መሣሪያው ያንን ወደ ቁጥር ቀይሮ እንደ ዓይነቱ በየደቂቃው ወይም በየ5 ደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል። ከ10 እስከ 15 ቀን ያገለግልና ተነቅሎ ይጣላል። ሲለጠፍ ጠቅ ይላል እንጂ ብዙም አያምም።

ከሁሉም የወደድኩት ቀስቷን ነው። ጣቴን ወግቼ 110 ባገኝ (ቁጥሮቹ ሁሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)፣ እየወጣ ይሁን እየወረደ በምን አውቃለሁ? ሴንሰሩ ከቁጥሩ ጎን ቀስት ያሳያል። ባለበት የቆመ 110 እና ቀስቱ ቁልቁል የሚያመለክት 110 የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። በመጀመሪያው ተኝቼ አድራለሁ፣ በሁለተኛው ስኳር ሳልወስድ አልጋ ላይ አልወጣም። ለዚህ ብቻ ከ5 4 እሰጠዋለሁ።

አንዷ የተቀነሰችው ለምንድን ነው?

ሴንሰሩ የሚለካው ደምን አይደለም። በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው የሚለካው፣ ግሉኮስ ደግሞ ከደም ወደዚያ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ስኳሩ ሲረጋጋ ይሄ ምንም አይደለም። ችግሩ በፍጥነት ሲወርድ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ስልኩ ግን 85 ይለኛል፣ ደህና ነሽ እንደማለት። መልሶ ሲወጣም ያው ነው። 15 ግራም ስኳር ወስጄ፣ ደሜ ውስጥ መውጣት ጀምሮ፣ ስልኩ ገና 58 ላይ ነው፣ ቀስቱም ቁልቁል። በዚያች ሰዓት ታግሶ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ደንግጬ እደግማለሁ፣ እሠልሳለሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 260 ሆኖ አገኘዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ስንት ጊዜ እንዲህ ሆንኩ! አሁን 15 ደቂቃ ጠብቄ ጣቴን እወጋለሁ። ሰውነታችሁና ስልኩ ካልተስማሙ ጣታችሁን ውጉ፣ በቃ።

ሌላው የሌሊቱ ነገር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላርሙ ይጮሃል። 49። ባለቤቴ ብድግ ይላል፣ መብራት ይበራል፣ እኔ እንቅልፍ ባልለቀቀው እጄ የጣት መለኪያውን እፈልጋለሁ። ጠብታ ደም፣ ጥቂት ሴኮንድ፣ 104። ምንም አልሆንኩም፣ ክንዴ ላይ ተኝቼበት ነው። ሴንሰሩ ከሰውነት በታች ሲጫን ዙሪያው ያለው ፈሳሽ እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። እኛ ግን እንቅልፋችን ሄዷል። ይሄ ሲደጋገም ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል፦ አላርሙን መናቅ። አንድ ሌሊት «ያው የተለመደው ነው» ብዬ አጥፍቼ ተኛሁ። በእውነት ወርዶ ነበር። ባለቤቴ ባይነቃ ኖሮ... ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አላርም አላጠፋም፣ ሴንሰሩንም በማልተኛበት ጎን ነው የምለጥፈው።

ቆዳን በተመለከተ፣ እኔን የሚያሳክከኝ ሦስተኛ አራተኛ ቀን ላይ ነው። ስነቅለው ቦታው ክብ ሆኖ ይቀላል። ማሳከክ ብቻ ከሆነ ቦታ እያቀያየሩ ይቻላል። ውሃ ከቋጠረ ወይም ከቆሰለ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩ። አንዳንድ ሙጫዎች ውስጥ ያሉ አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች ይሄን እንደሚያመጡ ይታወቃል። የበር መቃን መትቶ የነቀለብኝም ጊዜ አለ፣ ገና በሁለተኛው ቀን! ሻጩ ለመተካት መለያ ቁጥሩን ጠየቀኝ፣ ካርቶኑን ጥዬው ነበር። ካርቶኑን አትጣሉ።

የሴንሰሩን መመሪያ ወረቀትም አንብቡ። በዛ ያለ ቫይታሚን ሲ ወይም ፓራሲታሞል ቁጥሩን የሚያዛባባቸው ሴንሰሮች አሉ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ደግሞ እኔ ብዙ አላምነውም።

ማንም ያልነገረኝ ግን የቁጥሩን ሸክም ነው። ድሮ በቀን አራት አምስቴ ነበር ስኳሬን የማየው። አሁን ሁልጊዜ ዓይኔ ሥር ነው። ሥራ ላይ፣ ሰው እያናገርኩ፣ ስልኬን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። ከፍ ካለ የጥፋተኝነት ስሜት ይይዘኛል፣ ምንም ሳላጠፋ። ቁጥሩ ባለቤቴ ስልክ ላይም ስለሚታይ «190 ሆነ እኮ፣ ምን በላሽ?» ብሎ ይደውል ነበር። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በቀን ሦስቴ ሲሆን እንደ ምርመራ ነው የሚሰማው፣ አንድ ቀን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ቁጭ ብለን ተስማማን፦ ከ60 በታች ወርዶ እኔ ዝም ካልኩ ብቻ ይደውላል። ቤታችን ሰላም አገኘ። ሐኪሜም አንድ ነገር አሳወቀችኝ። ለአብዛኛው አዋቂ ግቡ ከቀኑ 70 በመቶውን ከ70 እስከ 180 ባለው መካከል መቆየት ነው። መቶ በመቶ አይደለም! ይሄን ቀድሜ ባውቅ ስንት ጭንቀት በቀረልኝ።

ትናንት ማታ አዲስ ሴንሰር ለጠፍኩ፣ በግራ ክንዴ። ሥራ እስኪጀምር አንድ ሰዓት ይፈልግ ነበር። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ጣቴን ወጋሁ። 127። ባለቤቴ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም።