ከአባባ ጋር፣ ሐይቁ ዳር ያለችው ካፌ

አያቴን ይዤ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሜኑውን ሳይሆን ወንበሩን ነው። ቅዳሜ ረፋዱን ከአባባ ጋር ፓርኩን ስንዞር ነበር። ለኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እሳቸው ግን በየዛፉ ሥር ቆም ስለሚሉ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ደስ ሲል! ጉልበታቸው በቃኝ ሲል ሐይቁ ዳር ወዳለችው ካፌ ጎራ አልን።

በረንዳው ላይ የተደረደሩት ሶፋዎች ለፎቶ ያምራሉ። ግን ዝቅ ያሉና የሚያሰምጡ ናቸው። ጉልበት ከዳሌ በላይ ከወጣ፣ ጭኑ ለደከመ ሰው መነሳት ፈተና ነው። አስተናጋጁ ገና ስንገባ አየን። ምንም ሳንለው ከውስጥ አንድ የእንጨት ወንበር ይዞ መጣ። ከፍ ያለ ነው፣ የክንድ መደገፊያም አለው። «አባባ፣ እዚህ ይሻልዎታል» አለና የወንበሩን ጀርባ አጥብቆ ያዘ። እጃቸውን አልጎተተም። አባባ ሁለት መዳፋቸውን መደገፊያው ላይ አሳርፈው፣ በራሳቸው ጊዜ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይህን ልጅ ያሳደገችው እናት ትባረክ።

ውሃም ሳናዝ ቀረበ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውሃ እያነሰውም የጥማት ስሜቱ ይደክማል። አባባም «አልጠማኝም» አሉ። ብርጭቆው ፊታቸው ስለነበር ግን ሁለት ጊዜ ጨለጡት።

ያዘዝነው የአትክልት ሾርባና አሳ ነው። ካሮቱ በደቃቁ ተከትፏል፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርቱ ከሩቅ ያውዳል። አባባ ቤት ውስጥ ሳይቀምሱ ጨው የሚነሰንሱ ሰው ናቸው። ከዕድሜ ጋር ማሽተትም ማጣጣምም ስለሚቀንስ ምግብ ሁሉ አልጫ ይሆንባቸዋል። እዚህ ጨዉን አልነኩትም። ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ። አሳው ግን አጥንቱ በደንብ አልወጣለትም፤ እኔው ቁጭ ብዬ ለቀምኩላቸው።

ሜኑው ቡናማ ወረቀት ላይ በግራጫ ፊደል የታተመ ነው። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ አባባ ደግሞ 60ን ካለፉ ቆይተዋል። እኔ አነበብኩላቸው። እሱም ቢሆን በሙዚቃው ምክንያት እየጮህኩ ነው። ቀንሱልን ስንል ቀነሱ፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ከፍ አለ። ያሳዘነኝ ግን መጸዳጃ ቤቱ ነው። አምስት ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፣ የእጅ መያዣ የለውም። እባካችሁ፣ አንድ የብረት ቧንቧ ግድግዳው ላይ ይግባ።

ከበላን በኋላ ወዲያው አልተነሳንም። ብዙ አዛውንት ምግብ እንደበሉ የደም ግፊታቸው ዝቅ ይላል፣ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ሻይ አዘዝንና አባባ ልጅ ሳሉ ዋና የተማሩበትን ወንዝ አወሩልኝ። ይህን ወሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ማንም ሂሳብ አምጥቶ አላጣደፈንም።

ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከምሳ ሰዓት በፊት ድረሱ። መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች አራት ብቻ ናቸው።